ጎርፍ የወሰደው መሰላል

እህቴ ፈዲያ ምላሷ አያርፍም። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ደግሞ ብሶባታል፤ እግሯ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ አፏ ይደርሳል። የዚያን ቀን ጠዋት እኔ ኮክ ዛፍ ላይ ወጥቼ ፍሬ ሳወርድ፣ እሷ ከታች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትለቅማለች።

«ዛሬ ትሄዳለች» አለችኝ።

«ማን?» አልኳት፣ ማን እንደሆነች እያወቅኩ።

«ማን ትሆናለች? ሰሊማ ናታ! ልጇ ፈረጅ መኪና ይዞ መጥቶላታል። ባሕሩ ዳር፣ ጡር ከተማ ቤት ሠርቷል። ፍየሎቿንም ሸጠውላታል። ፀሐይ ሲበርድ ጭነው ይወርዳሉ አሉ። ከዚህ ወርዳ የተመለሰች አሮጊት አይተህ ታውቃለህ?»

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት።»

«ጨርቅ ያድርግላት ይለኛል እንዴ! ባሏ ከሞተ ስንት ጊዜው። ያንተም ሚስት፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሞተች ዘመን ሆኗታል። አንተ እዚህ ከአህያ ጋር ትጨቃጨቃለህ፣ እሷ እዚያ ብቻዋን ታዛጋለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ትሆናለህ?»

«ጠይቄያታለሁ። አልመለሰችልኝም።»

«የዛሬ አርባ ዓመት እኮ ነው የጠየቅካት!»

«ድንጋዬን ባዶ ትታዋለች፤ አበቃ። ድንጋዩ ባዶ የቀረበት ወንድ ሁለተኛ አይጠይቅም። አባታችንም ከመቃብር ቢነሳ ይህንኑ ነው የሚልሽ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ የበሰለ ኮክ ወረወረችብኝ። ጆሮዬን አገኘችው።

«ደግሞስ» አልኩ ጆሮዬን እየጠረግኩ፣ «አሁን ብነሳ በግመል በር ዞሬ የምደርሰው ጨልሞ ነው። ጊዜው አልፏል።»

«ደስ አለህ አይደል?»

እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። ግን ይህን ለፈዲያ መንገር ለመንደሩ ሁሉ መንገር ነው።

በእኛ አገር ማን ማንን እንደሚያገባ ሽማግሌዎች የሚወስኑ ይመስላቸዋል። የሚወስነው ግን ተራራው ነው። ቀዩ ሸንተረር ከሰሜን ወደ ደቡብ ተጋድሟል፤ በምዕራቡ እኛ፣ በምሥራቁ እነሰሊማ። ቀዩን ድንጋይ አንድ ጥቁር ድንጋይ ሰንጥቆት ያልፋል፤ ጥቁር መቀነት እንለዋለን። ውሃ የሚቆመው እሱ ሥር ስለሆነ ጉድጓዱም አትክልቱም የተሰለፈው እሱን ተከትሎ ነው። መቀነቱ ሸንተረሩን በሚሻገርበት ቦታ ድንጋዩ ተፈርፍሮ ጎድጉዷል፤ እሱ ነው የንፋስ በር። በእኛ በኩል እስከ በሩ ድረስ አህያ ሳታማርር ትወጣለች። በእነሱ በኩል ግን መሬቱ በአንድ ጊዜ ይከዳል። ከሥር ጠባቧ የምንላት ናት፤ እጅህን ዘርግተህ ግራና ቀኝ ግድግዳዋን የምትነካባት፣ እየተጠማዘዘች እስከ እነሰሊማ ሸለቆ የምትወርድ ገደል። ከበሩ ወደ ጠባቧ የሚያወርደው የጥንት ሰዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሸጉጠው የሠሩት መሰላል ነበር። የዛሬ አርባ ዓመት ጎርፍ መጥቶ ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ወደ ማዶ የፈለገ ሰው በግመል በር ይዞራል፤ ቀን ሙሉ ይፈጅበታል።

መሰላሉ ሳይሄድ በፊት ግን ፍየሎቻቸው ወደ እኛ፣ የእኛም ወደ እነሱ ይሻገሩ ነበር። ሰሊማን የማያት በሩ ላይ ነው። እንዝርቷን እያሾረች ከፍየሎቿ ኋላ ትወጣለች። አንድ ቀን «ፍየሎችሽ እንኳ ከጩኸትሽ ሸሽተው ነው ወደኛ የሚመጡት» ብላት ጠጠር አንስታ ግንባሬን አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ።

በእኛ ወግ ወንድ ልጅ የወደዳትን ልጅ በአፉ አይጠይቅም። በሩ ላይ ወዳለው ዝርግ ድንጋይ ይወጣና ባዶ እግሩን አሳርፎ ዙሪያውን በጠንካራ ድንጋይ ይወቅረዋል። ከፈለገችው ከጎኑ የራሷን እግር ትወቅራለች። ካልፈለገችው ዝም ትላለች፤ ማንም አልሰማ፣ ማንም አላፈረ። የማን እግር እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ አያስፈልግም፤ እኛ አገር የሰው ዱካ የማያነብ የለም። የእኔማ ልጅ ሆኜ ድንጋይ ወድቆባት ትንሿ ጣቴ ወደ ውጭ ተገንጥላ ቀርታለች። ዕውርም ቢዳብሳት ሁሜድ ይላል። የወቀረ ወንድ እየተመላለሰ ማየት የለበትም፣ ነውር ነው። ወቅቱ እስኪያልፍ ይጠብቅና አንድ ጊዜ ወጥቶ ያያል።

እኔ ሣሩ ሲለመልም ወቀርኩ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ክልከላ አወጁ፤ ቁጥቋጦው እስኪያገግም ፍየል በሩን እንዳይረግጥ፣ በሩ ላይ የተገኘች ፍየል ለእንግዳ ትታረዳለች አሉ። ክልከላው የሚፈታው ተምር ሲለቀም ነው። እኔም እስከዚያ ጠበቅኩ። ሊፈታ ትንሽ ሲቀረው ያ ጎርፍ መጣ። በተፈታ ቀን ሮጬ በሩ ላይ ወጣሁ። መሰላሉ የለም። ድንጋዩ ላይ የኔ እግር ብቻውን አለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ! በዓመቱ ለአወድ ዳሯት። እኔም አገባሁ፤ ሚስቴ ደግ ሴት ነበረች፣ ሴት ልጆች ወልዳልኝ፣ ልጆቼም አግብተው ሄዱ። በሩ ላይ ግን ሁለተኛ አልወጣሁም። የጠፋ ፍየል እንኳ ወደዚያ ከሄደ ሌላ ሰው እልክ ነበር።

እንግዲህ እኔና ፈዲያ ስንጨቃጨቅ አህያዬ ዘርቃ ሁለት ቅርጫት ኮክ ተጭና ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነበር። ከዛፉ ስወርድ የለችም።

«ኮኬን ይዛ ጠፋች!» ብዬ ጮህኩ።

«እሷስ ካንተ ትሻላለች» አለች ፈዲያ። «የምትሄድበትን ታውቃለች።»

ኮቴዋን ተከተልኩ። መጀመሪያ ጉድጓዱ ጋ የሄደች መስሎኝ ነበር። አልሄደችም። መቀነቱን ይዛ ሽቅብ ወደ በሩ ወጥታለች። በየመንገዱ አንድ አንድ ኮክ ወድቋል፣ እያነሳሁ ኪሴ ከተትኩ። አህያዋን፣ የአህያዋን እናት፣ የሸጠልኝንም ሰውዬ እየረገምኩ ወጣሁ።

በሩ ላይ ንፋሱ እንደ ድሮው ነው፤ ራስ ላይ የጠመጠምከውን ጨርቅ ሊነጥቅህ ይታገላል። ድንጋዩን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። ኋላ ደግሞ ተናደድኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ ልፍራ? ዞሬ አየሁት። እግሬ እንዳለ ነው፣ ቀጭን የወጣት እግር። ከጎኑ ምንም የለም።

የዘርቃ ኮቴ ግን በሩ ላይ አልቆመም። ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ መሬቱ የሚከዳበት ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ጫፉን አልፎ ወርዷል።

«አበቃላት!» አልኩ። ተንበርክኬ አንገቴን አሰገግኩ፤ ተሰባብራ የማያት መስሎኝ ነበር። ያየሁት ሌላ ነው። ዘንድሮ የዘነበውን ዝናብ ታስታውሳላችሁ፤ ጎርፉ ለሳምንት ሲያጓራ ነው የከረመው። ከላይኛው ቋጥኝ ያመጣውን ድንጋይና ጠጠር ሁሉ እዚያ ጉሮሮ ውስጥ ሸጉጦት ሄዷል። መሰላሉ የነበረበት ቦታ ተሞልቶ ቁልቁለት ሆኗል። ያኔ የወሰደውን አሁን መልሶታል። እኛ ደግሞ ማንም ወጥቶ ያየ የለም፤ መንገድ የለም ከተባለ ማን ይወጣል?

በቂጤ እየተንሸራተትኩ፣ ቢስሚላህ እያልኩ ወረድኩ። ድንጋዩ አንዳንዱ ይነቃነቃል፣ አንዳንዱ የቤት ያህል ነው። ስጨርስ ሸሚዜ ከኋላው ተቀዷል። ዘርቃ እዚያ ናት። መቀነቱ ሥር ያለው ኩሬ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ እሷ ጠጥታ ጠግባ ከወደቀው ቅርጫት ኮክ ትበላለች። ውሃ ሸቷት ነው የመጣችው። አንድ ቅርጫት ግን ጀርባዋ ላይ ደህና ነው።

«አንቺ ሌባ!» አልኳት። ጆሮዋን ብቻ አወዛወዘች።

ኩሬው ላይ ቋጥኙ ወጥቶ እንደ ጣሪያ ስለሚያጠላ ከበሩ ላይ ሆኖ አይታይም። ጥላው ውስጥ፣ ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ዝርግ ድንጋይ አለ። ላርፍ ብዬ እዚያ ወጣሁ። ልቀመጥ ስል ድንጋዩ ላይ ሁለት እግር ተወቅሮ አየሁ፣ ጎን ለጎን።

አንደኛው የኔ ነው።

«አዑዙ ቢላህ!» አልኩ፤ ጂን ነው የመሰለኝ። እኔ እዚህ ወቅሬ አላውቅም። ግን ተረከዙ የኔ፣ ስፋቱ የወጣትነቴ፣ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ተገንጥላ። ሁለተኛዋ ቀጠን ያለች፣ መሐሏ ከመሬት የሚነሳ፣ ከአውራ ጣት ቀጥላ ያለችው ጣት የምትረዝም። ይህችን እግር አንድ ወቅት ሙሉ በአቧራ ላይ ሳነባት ነው የከረምኩት። ሰሊማ ናት።

መጀመሪያ የሰሞኑ ይሆን ብዬ በጣቴ ዳበስኩት። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ ነጭ ነው። ይህ ከዙሪያው ጋር አንድ ሆኖ ጠቁሯል፤ በሩ ላይ ካለው ከኔ ጋር እኩያ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ክልከላ ነበር። ፍየሎቿን ይዛ በሩ ላይ ብትወጣ ፍየሏ ትታረድ ነበር፣ ፍየሎቿን ጥላ ብትወጣ ደግሞ ነብር ይበላባት ነበር፤ ያኔ ነብር አይጠፋም። የምትደርስበት የመጨረሻ ቦታ ይህ ኩሬ ነው። መልሱን እዚህ አስቀምጣልኝ፣ ይወርድና ያያል ብላ ጠብቃለች። እኔ ደግሞ ወጌን ጠብቄ አልወረድኩም። ስወጣ መሰላሉ የለም።

እዚያው ተቀምጬ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ። ዘርቃ መብላቷን አቁማ አየችኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አልፈለገችኝም እያልኩ ስብሰለሰል፣ ሠርግ ላይ ሳገኛት ፊቴን ሳዞር፣ እሷም ፊቷን ስታዞር፣ ይህ ድንጋይ እዚህ ተቀምጦ ነበር። ምን ዓይነት ዕድል ነው!

ከዚያ ቀና ብዬ ጥላውን አየሁ። ቀኑ ተጋምሷል። ፀሐይ ሲበርድ ይወርዳሉ ብላለች ፈዲያ። የተረፈውን ቅርጫት አጥብቄ አሰርኩና ዘርቃን ወደ ጠባቧ ገፋኋት። እንቢ አለች። ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ ጭራዋን ጠመዘዝኩት። በመጨረሻ ከኪሴ ኮክ አውጥቼ ከፊቷ እያሳየሁ የኋሊት ሄድኩ። የእኛ ሽማግሌዎች ቢያዩኝ ኖሮ በየሠርጉ ይዘፈንብኝ ነበር። ጠባቧ ውስጥ ፀሐይ አትገባም፤ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ ኮቴዋ ከሁለቱም ወገን ያስተጋባል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቅርጫቱ ግድግዳውን እየፈገፈገ አለፈ። ሰማዩ ከላይ ቀጭን ሆኖ አብሮን ይጠማዘዛል። ከዚያ ድንገት ግድግዳው ወዲያና ወዲህ ተከፈተ፣ የእነሰሊማ ሸለቆ ላይ ወጣሁ።

መኪናው ከግራሩ ሥር ቆሟል። ፍራሽ፣ ድስት፣ የተጠቀለለ ድንኳን ተጭኗል። ፈረጅ ገመድ ይወጥራል፤ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ጢሙ ሸብቷል። ሰሊማ ከመኪናው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ የሻይ ዕቃዋን በጨርቅ ትጠቀልላለች። ጥቁር መሸፈኛዋን እስከ ቅንድቧ ስባዋለች።

«ሰላም አለይኩም» አልኩ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ አጎቴ ሁሜድ!» አለ ፈረጅ ተገርሞ። «በሰላም ነው? ልብስህ ምን ሆነ? ከየት ነው የመጣኸው?»

«በጠባቧ።»

ሳቀ። «አጎቴ፣ ፀሐይ መቶሃል። በጠባቧ መንገድ የለም።»

«አሁን አለ። ጎርፉ ሞልቶታል።»

የሰሊማ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። «እስከ የት ድረስ ሞላው?» አለች።

«እስከ ኩሬው።»

«ኩሬው ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ የፈረጅ እናት። ውሃ አለው። ድንጋዩም ደህና ነው።»

ፈረጅ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያል። ከዚያ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀና አለች። ዓይኗ ያው ነው፤ ያ ጠጠር ያስወረወራት ዓይን።

«አየኸው?»

«አየሁት። ዛሬ።»

«ዛሬ!» አለች። «ወይ ጉድ! ዛሬ አየሁት ይለኛል! ያን የሙቀት ወቅት ሙሉ የት ነበርክ? አንተ ፍየል አልያዝክ፣ ማን ከለከለህ? በየቀኑ እዚያ ኩሬ ዳር ተቀምጬ ወደ ላይ ሳይ አንገቴ ተጣሞ ነበር!»

«እየተመላለሱ ማየት ነውር ነው። ወጉ…»

«ወግህ ይብላህ!»

«በላኝ እኮ» አልኩ። «ክልከላው ሲፈታ መጣሁ። መሰላሉ የለም፣ ድንጋዬ ባዶ ነው። አልፈለገችኝም አልኩ።»

«እኔም አይቶ ትቶኛል አልኩ» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «ሰው ፊት አልወጣም ብዬ ስደበቅ አባቴ ለፈለገው ሰጠኝ። አወድ ክፉ አልነበረም፣ አላህ ይዘንለት። ግን አንተን በየሠርጉ ባየሁህ ቁጥር ከሆዴ እረግምህ ነበር።»

«እኔም እንደዚያው።»

«የእግርህን ልክ በምን እንደወሰድኩት ታውቃለህ? የወቀርክ ዕለት አየሁት። በዚያው ዕለት የምትመልስ ልጅ ቀላል ናት ይላሉ፤ ስለዚህ በክሬ ዙሪያውን ለክቼ እንዝርቴ ላይ ጠቀለልኩት። ያቺን ትንሿን ጣትህን ሳይቀር። በማግስቱ ተከለከለ።»

ፈረጅ ገመዱን ይዞ እንደቆመ ነው፤ ልጇ ፊት ምን ይባላል? ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። ጫማዬን አውልቄ ግራ እግሬን ከፊቷ አሸዋው ላይ አሳረፍኩ፣ አጥብቄ ረገጥኩና አነሳሁት። ዱካው ቀረ። ሰፍቷል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ ትንሿ ጣት ግን ያቺው ናት።

ሰሊማ ዱካውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከንፈሯ ዳር ሳቅ መጣ፣ ሄደ። እግሯን ትዘረጋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልዘረጋችም።

«አይሆንም» አለች።

ጫማዬን ለማንሳት ጎንበስ አልኩ።

«ይሄ አሸዋ ነው፣ ንፋስ ይወስደዋል። ድንጋዩም አንዴ በላን። እዚህ ድረስ በእግርህ መጥተሃል፣ አፍ ደግሞ አለህ። ከፍየሎቼ ጋር ስትሰድበኝ የነበረው አፍህ የት ሄደ? ተናገር።»

ፈረጅን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። ፈረጅ ይዞት የመጣው ሹፌር ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ያየናል። በእኛ አገር ሽማግሌ ሰው ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር በአፉ ሲናገር ታይቶ አይታወቅም።

«ሰሊማ» አልኩ፣ ስሟን ጠርቼ፣ «አትሂጂ። አግቢኝ። የዚያን ጊዜም ይህን ልል ነበር።»

ዘርቃ ቅርጫቱን ለመድረስ አንገቷን ትጠመዝዛለች።

ሰሊማ መሬቱን ተደግፋ፣ ጉልበቷን እያማረረች ተነሳች። መጥታ ዘርቃን በጥፊ አለቻትና ከቅርጫቱ ኮክ አነሳች፣ በመሸፈኛዋ ጠረገችው፣ ነከሰችው።

«ፈረጅ» አለች አፏ እንደሞላ፣ «ድስቱን አውርድ።»